ከዘወረደ እስከ ፋሲካ፦ ስለ ዐቢይ ጾም ለጠየቃችሁን

በ2019 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 29 ቀን ገብቶ እሑድ ሚያዝያ 24 ቀን በፋሲካ ይፈታል። ከደረሱን ጥያቄዎች «ምን ይበላል፣ ምን አይበላም» የሚሉት ጥቂት ናቸው። የሚበዙት «ጀምሬ እንዴት ልዝለቅ?» የሚሉት ናቸውና በእነሱ ላይ ሰፋ አድርገን መልሰናል።

«በየዓመቱ ጾሙን የምጀምረው በጋለ ስሜት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እስከ 11 ሰዓት እጾማለሁ፣ ዳዊት እደግማለሁ፣ እሰግዳለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ይበተንብኛል፤ የሚቀረኝ ሥጋና ወተት አለመብላቴ ብቻ ነው። ምን ላድርግ?» (ከደብረ ብርሃን)

የገለጹት ድካም የብዙ ጿሚ ድካም ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚያመጣው ረሃቡ ራሱ አይደለም። እስከ 11 ሰዓት ሳይለምድ የቆየ ሰው ማዕድ ላይ ሲቀርብ ያለ ልክ ይበላል። ከዚያ ይጫጫነዋል፣ ጥቂት ያሸልበዋል፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንደገና ይበላና አምሽቶ ይተኛል። ሌሊት 11 ሰዓት ለጸሎት መነሣት ያቅተዋል። ጸሎቱ ሲቀር ስግደቱ ይከተላል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጾሙ የሚተርፈው የድስቱ ለውጥ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከማዕድ ሰዓትም በፊት የእንቅልፍዎን ሰዓት ይወስኑ። ማታ ከ3 ሰዓት ተኩል ሳያልፉ የሚተኙ ከሆነ ሌሊት 11 ሰዓት መነሣት ከባድ አይሆንም።

ቀጥሎ የማዕድ ሰዓት ነው። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ተቀድሶ ብዙ ቦታ 9 ሰዓት ገደማ ይወጣል፤ ምእመኑም በዚያ ይለካል። እርስዎም በ9 ሰዓት ጀምረው እስከ ሰባተኛው ሳምንት፣ እስከ ኒቆዲሞስ፣ በዚያው ይጽኑ፤ ወደ 11 ሰዓት ወይም ወደ ማታ የሚያሳድጉት በሰሙነ ሕማማት ይሁን። አንድ ቀን 11 ሰዓት፣ አንድ ቀን 7 ሰዓት፣ አንድ ቀን ደግሞ «ዛሬ ደክሞኛል» እየተባለ የሚያዝ ጾም ሰውነትንም ልብንም ያሰለቻል። ከዚህ በፊት ጨርሶ ሰዓት ጠብቆ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት (በዘወረደ) 7፣ በሁለተኛው (በቅድስት) 8፣ ከሦስተኛው (ከምኩራብ) ጀምሮ 9 እያለ ማደግ ይችላል። ይህን ግን ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ያድርገው፤ በገዛ ፈቃዱ የወሰነው ሰዓት በገዛ ፈቃዱ ይፈርሳልና።

ዳዊት በሥርዓቱ ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። ይህን ሁሉ ሳያጓድል የሚደግም ሰው ብፁዕ ነው። ሰኞ ጠዋት 30 መዝሙር ጀምሮ 12ኛው ላይ ሥራ የሚረፍድበት ሰው ግን ማክሰኞ ዕዳ ይዞ ይነሣል፤ ረቡዕ ዕዳው ይከብደዋል፤ ሐሙስ መጽሐፉን አይገልጠውም። ለእንዲህ ያለው የምንመክረው በቀን አንድ ንጉሥ ነው። አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ዳዊት 15 ንጉሥ ስለሆነ በ15 ቀን ያልቃል፤ በ45 ቀን ሦስት ጊዜ ይደግሙታል። ከ55ቱ የጾም ቀናት የሚተርፉት 10 ቀናት ለሆሳዕናና ለሰሙነ ሕማማት ናቸው፤ ያን ጊዜ ወንጌሉን፣ በተለይ የአራቱን ወንጌላውያን የሕማማት ምዕራፎች ያንብቡ። አንድ ቀን ከዘለሉ በማግስቱ 20 መዝሙር አይጫኑ፤ ከቆሙበት ይቀጥሉ። «ያለፈውን ልክፈል» ማለት ብዙ ሰው ጸሎቱን ጨርሶ የሚተውበት በር ነው።

ስግደቱንም እንዲሁ ይለኩት። ግንባር መሬት እስኪነካ የሚሰገደውን ስግደት በጠዋት 12 ብለው ቢጀምሩና በየሳምንቱ ጥቂት ቢጨምሩ ጉልበትም ወገብም ይለምዳል። በመጀመሪያው ቀን 100 የሰገደ ሰው በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ሁለቱን መዳፎች አስቀድመው መሬት ላይ ያሳርፉ፣ ከዚያ ጉልበትዎን፤ ሲነሡም በመዳፍዎ ተደግፈው ይነሡ። ሲሚንቶ ወለል ከሆነ አጎዛ ወይም የታጠፈ ጋቢ ያንጥፉ። ቅዳሜና እሑድ፣ በጌታ በዓላት፣ እንዲሁም በቆረቡበት ቀን የንስሐ ስግደት አይሰገድም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አስተብርኮ ማለትም መንበርከክ፣ እርሱም ካልተቻለ አድንኖ ማለትም ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል።

ሳምንታቱን በስማቸው መያዝም ይረዳል፤ እያንዳንዱ እሑድ ለሳምንቱ ሥራ ይሰጣል። እርስዎ የሚደክሙበት ሦስተኛው ሳምንት ምኩራብ ነው፤ ጌታ ሻጮችንና ለዋጮችን ከመቅደስ ያስወጣበት ይነበባል። በዚያ ሳምንት ከቤትዎ ወይም ከልማድዎ አንድ ነገር ያስወጡ። ቀጥሎ ያለው መጻጉዕ 38 ዓመት የተኛውን በሽተኛ ያስታውሰናል፤ በዚያ ሳምንት አንድ የታመመ ሰው ይጠይቁ፣ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። በገብር ኄር፣ የታማኙ አገልጋይ ምሳሌ በሚነበብበት ሳምንት፣ በሥራ ቦታዎ የተሰጠዎትን አደራ ይመርምሩ፤ የዘገየ ሥራ፣ ያልተመለሰ ዕቃ፣ ያልተከፈለ ብድር ካለ ይዝጉት። በኒቆዲሞስ ሳምንት ሌሊት ተነሥተው ዮሐንስ ምዕራፍ 3ን ያንብቡ። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛው ሳምንት የራሱ ሥራ ይዞ ይጠብቅዎታል።

የቅዳሜና የእሑድ ነገር አለ። በእነዚህ ቀናት እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለም (ከፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ከቀዳም ሥዑር፣ በቀር)፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከሉ ግን ይቀጥላል። ከጠዋት እስከ ማታ ሲበሉ መዋል ግን ሰኞን እንደ አዲስ ያከብደዋል። ቁርስና እራት በልክ በቂ ናቸው።

«ጾም ሲገባ ሁለት ሦስት ቀን ራሴን ይፈልጠኛል፤ ጨጓራዬም ይነሣል። ጾሙ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?» (ከጎንደር)

ራስ ምታቱ ብዙ ጊዜ የቡና ነው። ጠዋት ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ራስ ምታቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይጠናል፤ በሳምንት ገደማ ይለቃል። መፍትሔው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው። ከዘወረደ አንድ ሳምንት አስቀድመው ሦስት ስኒ የሚጠጡ ከሆነ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ ያውርዱ፤ አንዱንም ወደ ከሰዓት ያሻግሩት። በጾሙ ወራት ቡናዎን ከማዕድ አንድ ሰዓት ያህል አርቀው ይጠጡ፤ ቡናና ሻይ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ።

ጨጓራን በተመለከተ፣ በባዶ ሆድ መጀመሪያ የሚገባው ነገር ይወስናል። በአዋዜ ወይም በሚጥሚጣ አይጀምሩ። ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ፣ ቀጥሎ ጥቂት የአጥሚት ወይም የተልባ መጠጥ ይቀበሉ፤ 10 ደቂቃ ቆይተው እንጀራውን ይብሉ። ሽሮውን በርበሬ ቀንሰው አልጫ ያድርጉት። በዚህ ሁሉ ካልተሻለ፣ ወይም ጥቁር ሰገራና ትውከት ካለ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ እዚህ ላይ ጾም ምክንያት ሆኖ ሕክምና አይዘገይም።

«የምሠራው ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ነው። የምሳ እረፍታችን 6 ሰዓት ላይ 30 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ እስከ 11 ሰዓት መውጫ የለም። እስከ 9 መቆየት ስለማልችል እንዳልጾምኩ ይሰማኛል።» (ከሀዋሳ)

እኅታችን፣ ጾመሻል። ሰዓትሽን የሚወስነው አሠሪሽ ከሆነ ያለሽን ሁኔታ ለንስሐ አባትሽ ንገሪና በእርሳቸው ቃል 6 ሰዓትን ያዢ። ዋናው ነገር ከዚያ በፊት አለመቅመስሽ፣ በዚያም ሰዓት በልክ በልተሽ እስከ ማታ ሌላ አለመጨመርሽ ነው። ከረሜላውን፣ ብስኩቱንና ለስላሳውን ተዪ፤ ምሳ የሚበላ ጿሚ ጾሙ የሚሸረሸርበት በእነዚህ ነው። በዓመት እረፍትሽ ወይም በማትሠሪበት የሥራ ቀን ደግሞ እስከ 9 ቆይተሽ ቅዳሴ አስቀድሺ።

የሚያቆም ምግብ ከፈለግሽ ሱፍ ፍትፍትን የሚተካ ጥቂት ነው። አንድ ብርጭቆ ሱፍ ለቅመሽ እጠቢና ፍሬው እስኪለሰልስ ድረስ ቀቅዪ፤ ውኃውን አፍስሺና ውቀጪው ወይም ፍጪው። በመጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ተኩል ቀዝቃዛ ውኃ ጨምረሽ በጥብጠሽ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጥለዪ፤ ገለባውን መልሰሽ በሌላ አንድ ብርጭቆ ተኩል ውኃ እንደገና እሺና ጥለዪ። ውኃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ካፈሰስሽበት ወተቱ ቀጭን ይሆናል፤ ጥሩው ነገር ከገለባው ጋር ይጣላል። ሱፉን ቆልተሽ ከሆነም ከረር እንዳይል፤ ይመርራል። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ዝንጅብልና ጨው ጨምሪበት። ጠዋት የምትወስጂው ከሆነ ወተቱን በጠርሙስ፣ እንጀራውን ለብቻ ያዢ፤ የምትፈተፍቺው ልትበዪ ስትይ ነው፤ አስቀድሞ የተፈተፈተ እንጀራ 6 ሰዓት ሳይደርስ ይሟሟል።

«የጾም ምግብ ከፍስኩ በላይ ወጪ እያስወጣን ነው። የጾም በርገር፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ… ልጆቼም ለመዱት። ይህ ጾም ነው?» (ከአዲስ አበባ)

ቅቤ ስለሌለበት በሕጉ ፍስክ አይሆንም፤ የጾሙን ፍሬ ግን ያጠፋል። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲነግረን እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ስደተኛውን ድሀ ወደ ቤት ማግባት፣ የተራቆተውን ማልበስ ይላል። እንጀራው የሚቆረሰው ከምን ላይ ነው? ከማዕዳችን ከቀነስነው ላይ ነው። ስለዚህ ከጾሙ በፊት ባለው ወር ለሥጋ፣ ለቅቤ፣ ለወተት፣ ለእንቁላልና ውጭ ለመብላት ያወጣችሁትን ደምሩ። ከዚያ ላይ ለጾሙ ለምስር፣ ለሽሮና ለዘይት የምትጨምሩትን ቀንሱና የቀረውን በአራት ሳምንት አካፍላችሁ በየሳምንቱ በፖስታ አስቀምጡ። ፖስታው ቤት ውስጥ ልጆች በሚያዩት ቦታ ይሁን፤ እሑድ እሑድ ለማን እንደሚሄድ እነርሱም ይምረጡ። ጎረቤት ያለች አንዲት ደካማ እናት፣ ሕክምና ያጣ ሰው፣ የቤት ኪራይ የጎደለበት ቤተሰብ አይጠፋም። ገንዘቡ እስከ ፋሲካ ተጠራቅሞ ከቆየ ለዶሮና ለበግ የመሄድ ጠባይ አለው፤ በየሳምንቱ ይውጣ።

ልጆችን በተመለከተ፣ ከ7 ዓመት በታች ያሉትን በሰዓት አታስጨንቋቸው። ከዚያ በላይ ያሉትን ትምህርት ቤት እስከ ምሳ ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ እንደ ቤቱ ማዕድ እያደረጋችሁ አልምዷቸው።

«ሥጋ አልበላም፣ ስልኬን ግን ከእጄ አላወርድም። አንዳንዴ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳይቀር እከፍተዋለሁ። ሰው ሲሳደብ አይቼ እኔም እመልሳለሁ። ይህን እንዴት ልግታ?» (ከአዲስ አበባ)

ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» ያለው ለዚህ ነው፤ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይለናል። ዓይንህ በቀን ሰዓታት የሚያየው ነገር በጸሎት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ «ስጸልይ ሐሳቤ ይበተናል» የሚሉ ብዙ ሰዎች ችግራቸው ያለው ከጸሎቱ በፊት ባዩት ነገር ላይ ነው።

«እቀንሳለሁ» አትበል፤ አይሠራም። የዘወረደ እሑድ ማታ ቲክቶክንና ፌስቡክን ከስልክህ አጥፋ። ቴሌግራምና ዋትሳፕ ለሥራ የሚያስፈልጉህ ከሆነ የማያስፈልጉትን ቻናሎች ሁሉ ድምፃቸውን ዝጋና ከማዕድ በኋላ ለ30 ደቂቃ ብቻ ክፈታቸው። ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። ጠዋት የሚቀሰቅስህ ስልክህ ከሆነ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዛ፤ ስልክን ለማንቂያ ብሎ የሚያነሣ እጅ ዳዊት ሳይከፍት 20 ደቂቃ ያልፈዋል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቤት ተወው፤ ለመንገድ ከፈለግኸው ደጀ ሰላም ሳትደርስ አጥፋው።

ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ጊዜ በተለይ ጠብቀው። ረሃቡ የሚበረታው፣ ቁጣም የሚቀርበው ያኔ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚነሣውም ጠብ ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ክርክር አትጀምር፣ የከረረ መልእክት አትመልስ፤ በእጅ የሚሠራ ሥራ ያዝ። ልትናገር ስትል «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» የሚለውን የመዝሙር 140 ቃል በልብህ በል። ከተሳደብህ ደግሞ ማታ በጸሎት ይቅር በለኝ ብለህ ብቻ አትተኛ፤ የሰደብኸውን ሰው በዚያው ቀን ይቅርታ ጠይቀው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይህን ያደረገ ሰው ምላሱን ይይዛል፤ ይቅርታ መጠየቅ ከባድ ነውና።

አንድ ነገር እንጨምር። ስብከት ከስብከት እያገላበጡ መስማት ጸሎት አይሆንም፤ የሰባኪዎችን ክርክር መከታተልም እንዲሁ። በቀን አንድ ትምህርት ሰምተህ ዝጋው፤ የተረፈውን ጊዜ ለራስህ ጸሎት ስጠው።

«ኩዌት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። በየቀኑ ሥጋ አበስላለሁ፤ ማዳም ጨውን ቅመሺ ትለኛለች። የሚሰጡኝም ምግብ ብዙ ጊዜ ከእነሱ የተረፈ ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልችልም። ዐቢይ ጾምን መጾም ይቻለኛል?» (ከኩዌት)

ይቻልሻል፣ እኅታችን። ያለሽበት ቦታ ከባድ መሆኑን እግዚአብሔር ያያል።

ጨው ቅመሺ ለሚለው መንገድ አለው፦ በልክ አብስዪ። ማዳምሽ የወደደችውን አንድ ወጥ ስትሠሪ ለስንት ሥጋ ስንት የሻይ ማንኪያ ጨው እንደገባ በወረቀት ጻፊ። ከጾሙ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የምታዘወትሪያቸውን ወጦች እንዲህ ብትለኪ በጾሙ ሳትቀምሺ መሥራት ትችያለሽ። ጨው አሳንሰሽ ጀምሪ፤ ቢያንስ ይጨመራል፣ ቢበዛ ግን አይመለስም። መጨረሻ ላይ ማንኪያውን ለማዳምሽ ስጪያትና እሷ ትቅመስ። «እኔ አሁን ጾም ላይ ነኝ» ማለት በዚያ አገር ለመረዳት የሚያስቸግር ቃል አይደለም፤ እነሱም ረመዳንን ይጾማሉ። በትሕትና አንድ ጊዜ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በየማዕዱ ከመከራከር ይሻላል።

ቤቱ ውስጥ የጾም ምግብ አለ፦ ፉል፣ ሑሙስ፣ የምስር ሾርባ፣ ተምር፣ ሩዝ፣ ታሂና፣ ዘይት፣ አትክልት። ሦስት ነገር ግን አስተውዪ። ሩዙ በሥጋ መረቅ የተቀቀለ ከሆነ አይሆንም፤ ሥጋው ከመግባቱ በፊት የራስሽን እፍኝ ሩዝ ለብቻ በውኃ ቀቅዪ። ሾርባ ውስጥ የሚጨመረው ኩብ ብዙ ጊዜ የዶሮ ነው፤ ከመጨመሩ በፊት ቅጂ። የለሰለሱ ዳቦዎች ወተት ወይም ቅቤ ሊኖራቸው ይችላል፤ ተራው ጠፍጣፋ የዓረብ ዳቦ ብዙ ጊዜ ዱቄት፣ ውኃና እርሾ ብቻ ነው። ዓሣም ቢሰጡሽ በዐቢይ ጾም አይበላም።

ሌላ ምግብ አጥተሽ ወይም ተገደሽ የፍስኩን በበላሽበት ቀን ጾሙን በሙሉ አትጣዪው። ለንስሐ አባትሽ በስልክ ንገሪ፤ በማግስቱ ካቆምሽበት ቀጥዪ። ጸሎትሽን በሰዓት ከፋፍዪው፦ ስትነሺ አቡነ ዘበሰማያትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፤ ዕቃ ስታጥቢና ልብስ ስትተኩሺ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»፤ ልትተኚ ስትዪ መዝሙር 50። ስግደት ክፍልሽ ጠባብ ከሆነ አልጋሽ ዳር ቆመሽ አድንኖ አድርጊ። ባለሽበት ሀገር ምእመናን የሚሰበሰቡበት ቦታ ካለና እረፍት ከተሰጠሽ ከሆሳዕና በፊት አንዱን ቀን ለዚያ አስቀምጪው።

«ስኳር አለብኝ፤ ኢንሱሊን እወስዳለሁ። ዘንድሮም እጾማለሁ ብዬ ቆርጫለሁ።» (ከባሕር ዳር)

አባታችን፣ ከሚበሉት ዓይነት መከልከል ይቻልዎ ይሆናል፤ በሰዓት መቆየትን ግን ሐኪምዎ ሳይፈቅድ አይድፈሩት። ኢንሱሊን ወስዶ አለመብላት ስኳርን ያወርዳል፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ግራ መጋባት ከዚያም ራስን መሳት ያመጣል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ወዲያውኑ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ይህን ማድረግ ጾም መሻር አይደለም። ፍትሐ ነገሥቱም በሽተኛን አያስገድድም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም እንዲሁ ናት። የእርስዎ ጾም በጸሎት፣ በምጽዋትና ከሰው ጋር በመታረቅ ይበርታ።

«ባለቤቴ በጾሙ ከመኝታ መለየትን አይቀበልም፤ በዚህ እንጣላለን።» (ከአዳማ)

ባለትዳሮች በዐቢይ ጾም ከሩካቤ መከልከላቸው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም (1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5) ለጸሎት የሚለያዩት ተስማምተው እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ጾሙ ከገባ በኋላ በመኝታ ላይ የሚነሣ ክርክር አያዋጣም። ከዘወረደ በፊት ሁለታችሁም የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሄዳችሁ በእርሳቸው ፊት ተነጋገሩ። ብቻሽን ወስነሽ ብቻሽን አትፍረጂበት።

«ለፋሲካ መቁረብ እፈልጋለሁ፤ ንስሐ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። መቼ ልጀምር? ምን ላዘጋጅ?» (ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ)

ብዙ ሰው ንስሐን ለሰሙነ ሕማማት ያስቀምጣል፤ በዚያ ሳምንት ግን ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት (ከኃጢአት የመፍታት ጸሎት) አትሰጥም፣ መስቀልም አታሳልምም። ካህናቱም ቀኑን ሙሉ በንባብና በስግደት ላይ ናቸው። ስለዚህ የመጨረሻው ወሰን ሆሳዕና ነው፤ በ2019 ሚያዝያ 17 ይውላል። እኛ የምንመክረው ግን ከጾሙ እኩሌታ፣ ከደብረ ዘይት እሑድ፣ መጋቢት 26፣ እንዳያልፉ ነው። ከዚያ እስከ ጸሎተ ሐሙስ 25 ቀን አለ። የ7 ወይም የ14 ቀን ቀኖና ቢሰጥዎ ሳይጣደፉ ይፈጽሙታል።

ዝግጅቱ በወረቀት ይሁን። አንድ ምሽት ስልክዎን ዘግተው መዝሙር 50ን ይጸልዩና ከመጨረሻው ንስሐ ወዲህ ያለውን ዘመን በየክፍሉ ይመርምሩ፦ በቤት፣ በሥራ፣ በገንዘብ፣ በሥጋ፣ በምላስ፣ በእምነት። ኃጢአቱን ብቻ በአጭሩ ይጻፉ፤ ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ፣ አሁንም እንዳለ ወይም እንደተተወ። ስልክ ላይ አይጻፉ፤ ወረቀቱንም ከኑዛዜ በኋላ ያቃጥሉት። ኑዛዜ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ታሪኩን ሁሉ መተረክና በመካከሉ የባልን፣ የሚስትን፣ የአማትን በደል መናዘዝ ነው። ሌላው «በሐሳብም በቃልም በሥራም በድያለሁ» ብሎ በጥቅሉ ማለፍ ነው። ሐኪም ፊት «ያመኛል» ብቻ ብሎ ቦታውን ያላሳየ ሰው መድኃኒት አያገኝም።

የወሰዱት ገንዘብ ካለ ይመልሱ፤ ባለቤቱ ካልተገኘ ምን እንደሚደረግ ካህኑን ይጠይቁ። ያልተነጋገሩት ወንድም ወይም እኅት ካለ ከኑዛዜው በፊት ይደውሉ፤ ስልኩን ባያነሡልዎም ደውለዋል። ቀኖናው ከአቅምዎ በላይ ከመሰለዎ እሺ ብለው ወጥተው አይተዉት፤ እዚያው «አባቴ፣ ሥራዬ እንዲህ ነው፣ ይህን አልችልም» ይበሉ፤ ይለውጡልዎታል። በውጭ ሀገር ቋሚ የንስሐ አባት ከሌለዎት በየጊዜው ካህን አይቀያይሩ፤ አንዱን ይዘው ይጽኑ።

ለቁርባን 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መከልከል ይጠበቃል። በሥራ ቀን ቅዳሴው 9 ሰዓት ላይ የሚወጣ ከሆነ በዋዜማው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አይቀምሱም። እሑድ ቅዳሴው ጠዋት 3 ሰዓት የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ ማለት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ በሁለተኛው ነው፤ ቅዳሜ ማታ እራት በልተው ይመጣሉ። ቅዳሴው ሲጀመር ይገኙ፤ ከቆረቡም በኋላ ቅዳሴ ጠበል ጠጥተው አፍዎን ሸፍነው ይውጡ። በዚያ ቀን አይሰገድም፣ ገላ አይታጠቡም፣ ከባድ ሥራና ሩቅ መንገድ አይያዝም።

«ከፋሲካ በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሆዴም ይታመማል።» (ከደሴ)

በ55 ቀን ቅባት ያልለመደ ሆድ በትንሣኤ ሌሊት በዶሮ ወጥና በጥሬ ሥጋ ሲሞላ ይታመማል። ከቅዳሴ ሲመለሱ አስቀድመው ጥቂት ተልባ ይጠጡ፤ ከዚያ ዶሮውን በትንሽ እንጀራ ይቅመሱና ይተኙ። ጥሬውን ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ቀን ያቆዩት። አክፍሎት የያዘ፣ ማለትም እስከ ትንሣኤ ሌሊት ምንም ሳይቀምስ የቆየ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ፤ ለብ ያለ ውኃና አጥሚት ቅድሚያ ይሁኑለት።

በበዓለ ሃምሳ፣ ከፋሲካ ጀምሮ ባሉት 50 ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ የንስሐ ስግደትም የለም። ጸሎት ግን አይቋረጥም። በጾሙ ያቆሟቸውን የእንቅልፍና የመነሻ ሰዓታት እንዳሉ ይጠብቁ፤ በስግደቱ ፈንታ ከፋሲካ ማግስት ጀምረው የሐዋርያት ሥራን በቀን አንድ ምዕራፍ ያንብቡ። 28 ምዕራፍ ስለሆነ በወር ያልቃል፤ ቀጥሎ የዮሐንስን ወንጌል ይጀምሩና በ21 ቀን ይጨርሱት። ሁለቱ አብረው 49 ቀን ይሆናሉ፤ ከዚያ የሰኔ ጾም፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ይገባል።